ከማዘርቦርዱ ስም ሥር ያለችው ቁጥር

ሰው ሁሉ ንስሩ ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም በዚያ ስም የምትጠራው የተናደደችበት ዕለት ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን በሰማ ቁጥር ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። ንስሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከፀጉር ቤቱ ጎን የተሸጎጠች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ናት። ቅጽል ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው፤ ሌሎቹ ጠጋኞች በማጉያ መነጽር ሲፈልጉ የሚውሉትን የቺፕ ጽሑፍ እሱ ሰሌዳውን ከመብራት ሥር ዘንበል አድርጎ በባዶ ዓይኑ ያነበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱም ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ስሙ ግን እንዳለ አለ።

ሥራው ላይ አመለኛ ነው። ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ሁሉ የሚመጣው አንድ ነገር ሰምቶ ነው፤ ፈጣን ፕሮሰሰር፣ የማሽኑ አንጎል የሚባለው ቺፕ፣ ከገባለት ይበርራል ተብሎ። አንዳንዱ እንዲያውም ገዝቶት በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ንስሩ እዚህ ላይ ፊቱን ያጠቁራል። ግድግዳው ላይ «ሳያጣሩ አይግዙ» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል ለጥፏል፤ ወረቀቱን ያላነበበ ደግሞ ከራሱ አፍ ይሰማዋል።

«የፕሮሰሰሩ እግር ልክ ገባ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም» ይላል። «ቁጭ ይልልሃል፣ መቆለፊያውም ይዘጋልሃል፤ ስታበራው ግን ጭጭ። መጀመሪያ ማዘርቦርዱን ጠይቀው።»

ማዘርቦርዱ፣ የማሽኑ ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ ስሙ በጉልህ ተጽፏል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁጥር አለች። ሰሌዳው ስንተኛው ስሪት እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ማዘርቦርዶች በዚያች ቁጥር ብቻ ይለያያሉ፤ አንደኛው አዲሱን ፕሮሰሰር እሰየው ብሎ ይቀበላል፣ ሌላው ዓይንህን ላፈር ይለዋል። ንስሩ ቁጥሯን ጮክ ብሎ ያነብና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የተፈለገው ፕሮሰሰር በዚያ ስሪት ሥር መኖር አለመኖሩን ያያል። ቢኖርም ገና አልጨረሰም፤ ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ፕሮግራም፣ ባዮስ የሚሉት፣ አዲሱን እንግዳ እንዲያውቀው መታደስ አለበት። ለአንዱ ስሪት የተሠራ ባዮስ በስህተት ሌላው ላይ ከተጫነ ማሽኑ እንደ ተኛ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ያቺን ቁጥር ጮክ ብሎ የሚያነባት።

ያነባት ነበር ማለት ይሻላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አልታይ እያለችው ነው።

ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ አምፖሉን ቀየረ። ቀጥሎ ከመንገድ ዳር መነጽር ገዝቶ ሞከረ፤ መነጽሩ ፊደሉን አተለቀለት እንጂ የጎደለውን አልመለሰለትም። ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ አሉ፣ አንዳንዶቹ የሉም። አንገቱን ሲያዞር የጠፋው ይመጣና የነበረው ይጠፋል። ብቻውን ሲሆን በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ እያተለቀ ያነባል፤ ደንበኛ ፊት ግን ይህን ማድረግ ሞት መሰለው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ደንበኛው ሲመጣ ሰሌዳውን ወደሱ ገፋ ያደርግና «በል አንተው አንብበው፤ ሰው ንብረቱን ማወቅ አለበት» ይለዋል። ደንበኛው ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ ንስሩ ተማሪ እንደሚያስነብብ መምህር ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሰዉ ይህን ወደደለት። «ሌላው ጠጋኝ ደብቆ ነው የሚሠራው፤ ንስሩ ግን እያስተማረ ነው የሚሠራልህ» እየተባለ ስሙ ጭራሽ ገነነ። እሱም ምስጋናውን ዝም ብሎ ተቀበለ። ምን ያድርግ፣ የለም ዓይኔን አሞኝ ነው ይበል?

ቢል ይሻለው ነበር። ግን ፈርቷል፤ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። በእርጅናው ዘመን ወንበር እንኳ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል፤ ልጆቹም ሽማግሌው ጠባዩ ተበላሸ እያሉ ያሙታል። አንድ ቀን እናታቸው ብርሃን እንዲያገኝ ብላ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ሰውዬው ከጓዳ ሲወጣ በሙሉ ሰውነቱ ተላተመበት። ያን ዕለት ነው ነገሩ ለሁሉም የገባው፤ አባታቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ቤቱን በልቡ ይዞት ነው ለካ የሚራመደው። ሐኪም ዘንድ ሲወስዱት ጊዜው አልፏል ተባለ። አባቱ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየዳሰሰ «ማነው ያንቀሳቀሰው?» ያለበት ድምፅ እስከ ዛሬ ከንስሩ ጆሮ አልወጣም።

አሁን እሱ ራሱ መፍቻውን ከቦታው የሚያነሳበትን ሰው ይቆጣል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን መፍቻ ተውሶ ሌላ ቦታ ቢያስቀምጥበት ቱግ አለበት።

«ኧረ ሰውዬ፣ መፍቻ ነው እኮ፤ ሚስትህን አልወሰድኩብህ!» አለው ጎረቤቱ እየሳቀ።

ንስሩም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ቤት ሲገባ ደግሞ የበሩ መቃን ግራ ትከሻውን ይመታዋል። ሚስቱ «ኧረ በሩን ይቅርታ ጠይቀው፤ በየቀኑ ትደበድበዋለህ» ትለዋለች። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለበሩ አንገቱን ይሰብራል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሲበርድ ትከሻውን እያሸ ወደ ጓዳ ይገባል።

ያለችው ልጅ አንዲት ናት። የቤት ፕላን ትሥላለች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ጫማዋ እስኪያልቅ ከዞረች በኋላ አንድ ቢሮ ለሙከራ የአንድ ቤት ሥዕል ሰጣት፤ ሰኞ ጠዋት አሳምረሽ ካስረከብሽ ትቀጠሪያለሽ ተባለች። ኮምፒውተሯ ግን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛችው ደካማ ነገር ነው። ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑን ታቅፋ የአባቷ ሱቅ ገባች።

«አባዬ፣ ጣሪያውን ዞር ላድርገው ስል ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ነው የምመለሰው። ፈጣን ፕሮሰሰር ይቀበል እንደሆነ እስቲ እይልኝ።»

ንስሩ ክዳኑን ከፈተና እንደ ልማዱ ሳጥኑን ወደሷ ገፋ አደረገ። «በይ አንቺው አንብቢው፤ ሰው ንብረቱን…»

«አይ፣ አንተ አንብብልኝ» አለች፣ አግዳሚው ላይ ወጥታ እንደ ልጅነቷ እግሮቿን እያወዛወዘች። «እንደ ድሮው። ትንሽ እያለሁ እዚህ ቁጭ ብዬ አንተ ቁጥር ስታነብ እየሰማሁ ነበር እኮ የምውለው። ዓለም ላይ አንተ የማታየው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን በቀልድ ያልፈዋል። ልጁ ግን ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። ስልኩን ላውጣ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና መለሰው። ሳጥኑን ከመብራቱ ሥር ዘንበል አደረገ። ስሙን አነበበ። ከስሙ ሥር ያለችውን ፈለገ፤ ደግሞም አገኛት። እዚህ ላይ ሰው እንዳይፈርድበት፤ ንስሩ አልዋሸም። ሦስት ቁጥርን አየ። ይህን ዓይነት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ጠግኗል፣ በእጁ ያለፉትም ሁሉ ሦስተኛ ስሪት ነበሩ፤ አሁንም በዚያች ቦታ ሦስት ቁልጭ ብላ ታየችው። ልቡ በደስታ ዘለለ። እያየሁ ነው እኮ አለ በሆዱ።

«ስሪት ሦስት!» አለ ጮክ ብሎ። ድምፁ የጎረምሳነቱ ድምፅ ሆነለት።

ልጁ አጨበጨበችለት።

ቀሪው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ድረ ገጹ ላይ ፊደሉን አተለቀና አየ፤ ስሪት ሦስት፣ አዎ፣ ባዮሱ ከታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር ይቀበላል። ሄደው ፕሮሰሰሩን ገዝተው ተመለሱ። መንገድ ላይ ልጁ ክንዱን ይዛ ስለ ቢሮው፣ ስለ ሰዎቹ፣ ስለሚሰጧት ጠረጴዛ ስታወራ፣ ንስሩ ሰውነቱ ቀልሎት ነበር። ሱቅ ሲደርሱ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ባዮሱን ጫነ። መስመሩ ሞላ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፤ ማለት ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አጠፋው፣ አበራው፤ ጥቁር። ሜሞሪውን ነቅሎ መለሰው፤ ጥቁር።

«ምን ሆነ አባዬ?»

«ምንም። ይነሳል። ባዮሱ የተቀመጠበትን ቺፕ አወጣና እንደገና እጽፍበታለሁ፤ ስንቱን እንዲህ አስነስቼ የለ?»

ልጁ ከአግዳሚው ወርዳ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ቆየት ብላ፣ «አባዬ» አለች፤ «ይሄ ሦስት አይደለም። አንድ ነው።»

«የቱ?»

«ይሄ።» ጣቷን ከቁጥሯ አጠገብ አስቀመጠች።

ንስሩ አየ። ጣቷን አየ፤ ከጣቷ አጠገብ ሦስትን አየ። አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ሦስቷ ጠፋች። «አቧራ ነው» አለና መፍቻውን አንስቶ የሰሌዳውን ብሎኖች መፍታት ጀመረ። ብሎኖቹን በግራው በኩል ጠረጴዛው ላይ ባነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ያኖራቸዋል። ሲጨርስ በእጁ ቆጠራቸውና፣ «አንዷ ወድቃለች፤ እስቲ ወለሉን እይልኝ» አላት።

አልወደቀችም። ከግራ እጁ አለፍ ብላ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ጥቁር ሆና ቁጭ ብላለች። ልጁ ብሎኗን አየች። አባቷን አየች። ንስሩ በሁለት መዳፉ ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ነበር። ምንም ሳትል ብሎኗን አንስታ በቀኙ በኩል ዞረችና መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«የት አገኘሻት?»

«ወለሉ ላይ።»

ንስሩ ብሎኗን ጨበጣት። ከዚያ «ጎንበስ አላልሽም እኮ» አላት።

«አላልኩም» አለች። «አያቴንም እንዲህ ነው የጀመራቸው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ብሎኗን በጣቶቹ መሀል አገላበጣት።

«ለምን አልነገርከንም አባዬ?»

«ምን ብዬ? ሰው ሁሉ ንስሩ እያለኝ… አንቺ እንኳ ዛሬ የማታየው ነገር የለም አልሽኝ። ፈራሁ ልጄ። በቃ፣ ፈራሁ።»

በማግስቱ ንስሩ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ቺፗን አንስቶ ባዮሱን የሚጽፍ ዓይን የለኝም አለው፤ በቀጥታ፣ ያለ ቀልድ። ጠጋኙ ቀልድ መስሎት ሳቀና ፊቱን ሲያይ አፉን ያዘ። ማሽኑ ተነሳ፤ ግን ማክሰኞ ነው የተነሳው፣ ያውም በአሮጌው ፕሮሰሰር። ልጁ ሥዕሉን ከጓደኛዋ በተዋሰችው ኮምፒውተር ለመጨረስ ስትታገል ሰኞ ጠዋት አለፈ። ከሰዓት ይዛ ስትሄድ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል አሏት። ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፤ አባቷን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። እንደ ልማዱ ደነገጠ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ለበሩ ይቅርታ እየጠየቅህ ስታስቀኝ ከረምክ አይደል!» አለችውና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። «እኔ ደግሞ እስቃለሁ። ዓይኑ እየጠፋ እኔ እስቃለሁ!»

ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄዱት ሦስቱም ሆነው ነው። ንስሩን አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡት። ውስጡ ነጭ የሆነ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ማሽን ፊት አስቀመጡት፤ አገጩን ማሳረፊያው ላይ አደረገ፣ አንድ ዓይኑን ሸፈኑለት፣ መዳፉ ውስጥ በአውራ ጣት የምትጫን አንዲት መጫኛ አስጨበጡት። የማሽኑ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት።

«ወደ ፊት ብቻ ይመልከቱ። ጎን ለጎን ትንንሽ መብራት ብልጭ ይላል፤ ባዩ ቁጥር ይጫኑ።»

ንስሩ አየ፤ ተጫነ። እንደገና አየ፤ ተጫነ። ከዚያ ምንም የለም። ጠበቀ። ምንም። ማሽኑ ውስጥ ሞተር ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል፤ መብራት ግን የለም። አሳዘነችው፤ ሠራተኛዋ ሳታውቅ በተበላሸ ዕቃ እየሠራች ነው።

«እህቴ፣ ማሽኑ ቆሟል። ገመዱ ሳይላላ አይቀርም። እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ ከፈለግሽ ልየው።»

ሠራተኛዋ የማሽኑን ስክሪን ደግማ አየች።

«አልቆመም አባቴ» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። «መብራቱ እየበራ ነው። ዝም ብለው ወደ ፊት ይመልከቱ።»

ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ቁጭ አለ። የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ የሚባለው፤ ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ንስሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሦስትን አይቻለሁ፣ ከየት አመጣኋት?

«የጎደለው ቦታ ጥቁር ሆኖ አይታይዎትም» አለ ሐኪሙ። «አእምሮ ክፍተቱን በሚጠብቀው ነገር ይሞላዋል። ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው የሚቆየው። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» አልጨረሰውም። «በቤተሰብ ይህ የነበረበት ሰው አለ?»

«አባቴ።»

«ልጅ አለዎት?»

ንስሩ ዘወር አለ። ልጁ በሩን ተደግፋ ቆማለች። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ የተገለጠለት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የደበቀው የራሱን ዓይን ብቻ ነበር የመሰለው።

«አለችኝ» አለ።

«ዛሬውኑ ትታይ። ይህ በሽታ በዘር ይወርዳል፤ አያምም፣ አይናገርም። ገና ከጅምሩ ከተደረሰበት ግን ብዙ ማዳን ይቻላል።»

«እኔ እኮ ደህና ነው የማየው!» አለች ልጁ እየሳቀች። ብሎኗን ያየሁት እኔ አይደለሁ እንዴ ልትል ነበር፤ አባቷን አየችና ተወችው። ሐኪሙ የዓይኗን ግፊት ለካ። ደግሞ ለካ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ሄደ። «ለማንኛውም ማሽኑ ጋ ትግባ» አለ።

ንስሩና ሚስቱ ከክፍሉ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ እጁን ይዛለች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ መብራቱን ማየት አይቻልም፣ መጫኛዋ ግን ትሰማለች። ቀጭ። ልጁ አንድ መብራት አየች ማለት ነው። ቀጭ። ሌላ አየች። ቀጭ፣ ቀጭ። ንስሩ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ የሚያስደስት ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ በእያንዳንዷ ቀጭታ የሚስቱን እጅ ጫን ያደርጋል። «ታያለች» አላት በሹክሹክታ። «ስሚ፣ ሁሉንም ታያለች።»

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሞተሩ ይንቀሳቀሳል፤ መጫኛዋ ግን ዝም። ንስሩ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። አሁንም ዝም። ሚስቱ ምንም ስላልገባት ፊቱን ታየዋለች።

ከውስጥ የልጁ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ሁልጊዜው ቀልጠፍ ያለ፣ ምንም ያልጠረጠረ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ማሽኑ ቆመ እንዴ?»

የማሽኑ ሠራተኛ ምን ብላ እንደምትመልስላት ንስሩ ያውቃል። የሚስቱን እጅ ለቀቀና ፊቱን በሁለት መዳፉ ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ የተበላሸ ማሽን ሲጠግን የኖረው ሰው፣ ያቺ አንዷ ማሽን የእውነት ተበላሽታ እንድትሆን ለመነ።